መልስ፦ ዘፈን በነፃ ማውረድ ሌብነት ነው?

ወንድሜ፣ «ዘፈን በነፃ ማውረድ ጫማ ከመስረቅ በምን ይለያል? ፖለቲከኞቹስ ምን አገባቸው?» ላልከው፦

ጫማህን ብወስድ በባዶ እግርህ ትቀራለህ፤ ፋይልህን ብቀዳ ግን ፋይሉ አንተው ጋ አለ። ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፤ የሚቀርብህ ከሽያጭ ታገኘው የነበረው ገቢ ነው።

ፖለቲካው የሚመጣው የቅጂ መብት (ሥራው ያለ ፈቃድ እንዳይቀዳ የሚከለክለው መብት) ዕድሜ ላይ ነው። የእንግሊዝ የ1710 ሕግ ለአዲስ መጽሐፍ 14 ዓመት ሰጠ፤ ደራሲው በሕይወት ካለ ሌላ 14 ይጨመርለታል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ በበርን ስምምነት (ብዙ አገሮች በተቀበሉት የቅጂ መብት ውል) ትንሹ፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። አሜሪካ በ1998 ወደ 70 አሳደገችው፣ ያውም ቀድሞ ለተሠሩትም ጭምር። መቼም የሞተ ሰው ተበረታቶ ሌላ ዘፈን አይደርስም! የሚጠቀሙት ወራሾችና መብቱን የገዙ ኩባንያዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ምክር ቤት ደጅ መጥናት ያውቁበታል።

ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም። በ2012 የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ለ24 ሰዓት ገጹን አጨልሞ በኢንተርኔት ያለ ፈቃድ መቅዳትን ለመግታት በቀረቡ የአሜሪካ ረቂቅ ሕጎች ላይ የተነሣውን ተቃውሞ ሲቀላቀል፣ ረቂቆቹ በዚያው ሰሞን ቆሙ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ፓርላማም አክታ (ACTA) የተባለውን፣ ያለ ፈቃድ መቅዳትንና አስመስሎ የተሠራ ሸቀጥን ለመከላከል የታሰበውን ዓለም አቀፍ ስምምነት 478 ለ39 በሆነ ድምፅ ጣለው።

እኔ? ሙዚቀኛው ራሱ ከሸጠው ከፍዬ እገዛለሁ።