«በ41 ዓመቴ ሮዲዮ ብጀምር ረፈደብኝ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ከዴንቨሩ የከብትና የፈረስ ትርኢት፣ ከናሽናል ዌስተርን ስቶክ ሾው መልስ የጻፍኩትን ካነበባችሁ ወዲህ ስለ ሳድል ብሮንክ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ለአዲስ አንባቢ ላስታውስ፦ ሮዲዮ የአሜሪካ ካውቦይዎች ውድድር ነው፤ ሳድል ብሮንክ ደግሞ አንዱ ዘርፉ። ኮርቻ የተጫነበት ግን ሰው አልሸከምም ብሎ የሚዘል ፈረስ ላይ፣ በአንድ እጅ ብቻ ይዞ 8 ሰከንድ መቆየት ነው ውድድሩ። ዳኞች ግማሹን ነጥብ ለጋላቢው፣ ግማሹን ለፈረሱ ይሰጣሉ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልግባ።

34 ዓመቴ ነው፤ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከተራ ግልቢያ ጀምር ወንድሜ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለጥቂት ወራት። ፈረስ መቅረብ፣ ኮርቻ መጫን፣ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ መሸጋገር ሲለምድህ ወደ ሮዲዮ ትምህርት ቤት ሂድ። ብዙዎቹ የ2 ወይም የ3 ቀን ስልጠና ይሰጣሉ፤ ጀማሪ አዋቂም ይቀበላሉ። ለምሳሌ የላይል ሳንኪ ትምህርት ቤት አለ። ሰውየው በኮርቻም፣ ያለ ኮርቻም፣ በኮርማም ለሮዲዮ ብሔራዊ ፍጻሜ ውድድር የደረሰ ጋላቢ ነበር።

ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ለጀማሪ የሚሆን ቀለል ያለ ፈረስ አላቸው? ጋላቢውን ከሚዘለው ፈረስ ላይ የሚያነሱት ፒክአፕ የሚባሉት ፈረሰኞች ይኖራሉ? የሕክምና ባለሙያስ አጠገብ አለ? አንዱ ከጎደለ ተወው። አንድ ሰው «ግቢዬ ውስጥ የሚዘል ፈረስ አለ፣ ና ሞክረው» ቢልህ እንዳትሄድ።

አንድ ስልጠና ቆሜ አይቻለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ፈረስ የሚባል አልመጣም። ተማሪዎቹ መሬት ላይ በተቀመጠ ኮርቻ ላይ ሆነው እግራቸውን ወደ ፊት መወርወርና ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ይደጋግማሉ። አንድ ጢሙ የሸበተ ሰው ነበር። አሰልጣኙ በመጣ በሄደ ቁጥር «አገጭህን ደረትህ ላይ!» ይለዋል። ከሰዓት በኋላ ፈረስ ላይ ወጣና በሁለተኛው ዝላይ ወደቀ። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ተነስቶ «አገጬን አነሳሁ! አገጬን ነው ያነሳሁት!» እያለ ወደ አሰልጣኙ ሮጠ። ሰው የሚማረው እንዲህ ነው።

የአዊ ልጅ ነኝ፣ አሁን ዳላስ ነኝ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ከአባቴ ጋር እጋልብ ነበር። ይጠቅመኛል?

እንዴት አይጠቅምህም! ፈረስ አለመፍራትህ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ግን እጅህና እግርህ የለመዱትን ብዙ ነገር መተው ይኖርብሃል። አገር ቤት ልጓም አለህ፤ ትገታዋለህ፣ ታዞረዋለህ። እዚህ ልጓም የለም። የምትይዘው ፈረሱ ራስ ላይ ከታሰረው ማሰሪያ የሚመጣ አንድ ወፍራም የተጎነጎነ ገመድ ነው። አገር ቤት በጉልበትህ ጥብቅ አድርገህ ትይዛለህ፤ እዚህ እግርህ ይወናጨፋል። የፈረሱ የፊት እግሮች መሬት ሲነኩ ያንተ እግር ትከሻው ጋ መድረስ አለበት፤ ከዚያ ወደ ኮርቻው ጀርባ ይሳባል። ፈረሱ ከመነሻው በር ሲወጣ፣ በመጀመሪያው ዝላይ እግርህ ከትከሻው በላይ ካልተገኘ ነጥብ የለህም።

ገመዱን የት ላይ መያዝ እንዳለብህም እንደ ፈረሱ ይለያያል። ወደ ኮርቻው ትስበውና ጡጫህን አስጠግተህ፣ አውራ ጣትህን ዘርግተህ ትለካለህ። ካሳጠርከው ፈረሱ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ በፊት በኩል ይዞህ ይወርዳል። ካስረዘምከው የምትደገፍበት ታጣለህ። ስለዚህ ጋላቢዎች ያንን ፈረስ ቀድሞ የጋለበውን ሰው ፈልገው «ስንት ልስጠው?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚጠየቀው ሰው ተፎካካሪ ቢሆንም ይነግራል። ይህን ስፖርት ያስወደደኝ አንዱ ነገር ይሄ ነው።

ላስ ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ። በየዲሴምበሩ ባለ ባርኔጣዎቹን ካውቦይዎች ፍጻሜው ወደሚካሄድበት አዳራሽ፣ ወደ ቶማስ ኤንድ ማክ አመላልሳለሁ። 41 ሞላኝ፤ ረፈደብኝ?

ከ1985 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ጀምሮ ቬጋስ ለሚካሄደው ብሔራዊ ፍጻሜ ለመድረስ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ረፍዷል። ለመማርና በትንንሽ ውድድሮች ለመጋለብ ግን አልረፈደም። ጃክሰን ሰንዳውን የተባለው የኔዝ ፐርስ (ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ) ተወላጅ በ1916 ፔንድልተን፣ ኦሪገን በሚካሄደው ሮዲዮ ላይ በሳድል ብሮንክ ሲያሸንፍ ዕድሜው 53 ነበር። እርግጥ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ፈረስ ላይ የኖረ ሰው ነው። አንተ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘህ ተቀምጠህ ስለምትውል ወገብህን፣ አንገትህንና የጭን ጡንቻህን ቢያንስ ለስድስት ወር አጠንክር። ሐኪምህን አማክር። የጤና ኢንሹራንስህ የሮዲዮ ጉዳት ይሸፍን እንደሆነም ደውለህ ጠይቅ፤ ትምህርት ቤቱ «ብጎዳ አልከስም» የሚል ወረቀት ያስፈርምሃልና። የደረት መከላከያና የጥርስ መሸፈኛ አትለፍ። ሄልሜት አዋቂ ላይ ብዙም አታይም፤ አንተ ግን አድርግ።

ሴት ነኝ። ይህ ነገር ለእኛ ክፍት ነው?

አዎ እህቴ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሴቶች ብሮንክ ይጋልቡ ነበር። በ1929 ቦኒ ማካሮል ፔንድልተን ላይ ወድቃ ሞተች። እርካቦቿ በፈረሱ ሆድ ሥር እርስ በርስ ታስረው ነበር። ይህ ለሴቶች ይቀላል ተብሎ የሚደረግ ነበር፤ ስትወድቅ ግን እግሯ አልለቅ አላት። ከዚያ በኋላ በሩ በሴቶች ላይ ተዘጋ። ዛሬ ራንች ብሮንክ በሚባለው፣ በተለመደው የከብት ጠባቂ ኮርቻ በሚጋለበው ዘርፍ ሴቶች ይወዳደራሉ። ከዚያ ጀምሪ። ጫማሽም ላላ ያለ፣ ሶሉም ለስላሳ ይሁን፤ ስትወድቂ እግርሽ ከእርካቡ ቶሎ እንዲወጣ።

ፈረሱን አሰቃይተው ነው የሚያዘልሉት ይባላል። እውነት ነው?

ብልቱን ያስሩታል የሚባለው ውሸት ነው፤ ከሚዘልሉት ብዙዎቹ ባዝራዎች ናቸው። ለማዘለል የሚታሰረው ማሰሪያ ሽንጡ ላይ ነው የሚውለው፣ በበግ ፀጉርም የተለበጠ ነው። ብዙዎቹ የሚዘል ዘር ተመርጦ የተዳቀሉ ናቸው። ሆኖም የከሳ ወይም የቆሰለ ፈረስ የሚያሰልፍ ቦታ ካየህ ጥለህ ውጣ።

እዚያ ሁሉም ነጭ ነው። ጥቁር ሆኜ ብሄድ እንግዳ አልሆንም?

መልክህን የሚያይ አይጠፋም። ግን ባለቤት ሆነህ እንጂ እንግዳ ሆነህ አትሄድም። በ1911 ፔንድልተን ላይ ጆርጅ ፍሌቸር የተባለ ጥቁር ጋላቢ ሕዝቡን በጩኸት አስነሳ። ዳኞቹ ግን ሁለተኛ አሉት። ሕዝቡ ተቆጣ። የአውራጃው ሸሪፍ ያን ጊዜ የፍሌቸርን ባርኔጣ ቆራርጦ ቁራጮቹን ለተመልካቹ ሸጠና ገንዘቡን ለፍሌቸር ሰጠው። በ1984 ደግሞ ዴንቨር ላይ የተጀመረው የቢል ፒኬት ሮዲዮ የጥቁር ካውቦይዎች ውድድር ነው፤ በተለያዩ ከተሞች ይዞራል። አጠገብህ ሲመጣ ቲኬት ግዛ። ቀደም ብለህ ድረስ፤ ጋላቢዎቹ ፈረሶቹ ከሚወጡባቸው በሮች ጀርባ ኮርቻቸውን ሲያዘጋጁ ታገኛቸዋለህ። «የት ተማርክ?» በላቸው።