ስለ ፕሮፌሰር ቦዋቺ-አጄይ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦዋቺ-አጄይ ያነሳችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ ማን ናቸው?
የጋናዋ ከተማ የኩማሲ ልጅ ናቸው። በ1972 አሜሪካ ገቡ፤ ብሩክሊን ኮሌጅ ተምረው በ1980 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ኒው ዮርክ ባለው ሆስፒታል ፎር ስፔሻል ሰርጀሪ የስኮሊዮሲስ (የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም) ክፍል ኃላፊ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል።

የእኛ ልጆች ለምን ጋና ድረስ ይሄዳሉ?
አዲስ አበባ የኖሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ናቸው ወደ ፕሮፌሰሩ የሚልኳቸው። ከልጆቹ ብዙዎቹን ያጎበጣቸው የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ነው። በሽታው የአጥንቱን የፊት ክፍል ሲበላው አከርካሪው ወደ ፊት ይደረመሳል። መድኃኒቱ ተህዋሲውን ይገድላል እንጂ የተደረመሰውን አያቀናም፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በፎቶ ያየሁት ጭንቅላት ላይ የሚታሰረው ብረት ያስፈራል። ስቃይ አይደለም?
እኔም መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር። ቀለበቱ በብሎን የራስ ቅል ላይ ይያያዛል፤ ከዚያ በገመድና በክብደት ወደ ላይ ይሳባል። ክብደቱ የሚጨመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ልጁ እስከዚያው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወይም መደገፊያ ይዞ እየተራመደ ይውላል። ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በጣም የታጠፈን ጀርባ በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ማቃናት ኅብለ ሰረሰሩን ሊጎዳና ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ቀስ ብሎ ሲሳብ ግን ነርቩም ሳንባውም ይለምዳሉ። ትዕግሥቱ ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

ኒው ዮርክ ተደላድለው መኖር ሲችሉ ለምን ወደ ጋና ተመለሱ?
ልባቸውን አላነብም። በ1998 ፎኮስ የተባለውን የአጥንትና የአከርካሪ ሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱና በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞችን እያስከተሉ ወደ ጋና ይመላለሱ ጀመር። ነገር ግን እንግዳው ቡድን ሻንጣውን ሸክፎ ሲሄድ ቁስሉን ማን ይከታተላል? በ2012 በጋና ዋና ከተማ በአክራ የድርጅቱ የራሱ ሆስፒታል ተከፈተ። እኔን ብትጠይቁኝ ከየትኛውም ቀዶ ሕክምናቸው ይህ ይበልጣል።

አስተማሪነታቸውስ?
በዌይል ኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ ፕሮፌሰር ነበሩ። አክራም የአፍሪካ ሐኪሞችና ነርሶች የሚሠለጥኑበት ቦታ ሆኗል። የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በመጽሐፍ ብቻ አይለመድም፤ ከሚያውቅ ሰው ጎን ለሰዓታት መቆም ይጠይቃል።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ አንዱ ትከሻዋ ከፍ ብሏል።
እህቴ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በይ በያትና ከኋላዋ ቆመሽ ጀርባዋን እዪው። አንዱ ወገን ካበጠ ሐኪም ዘንድ ወስደሽ ራጅ ትነሣ። ጥመቱ የሚለካው በኮብ ማዕዘን፣ ማለትም ራጁ ላይ የአከርካሪው መታጠፍ በዲግሪ በሚለካበት ዘዴ ነው፤ ዶክተር ኮብም ፕሮፌሰሩ የሠሩበት የኒው ዮርኩ ሆስፒታል ሰው ነበሩ። አትዘግዪ፤ ልጅቷ ገና እያደገች ነው።