ቴብል (የመረጃ ሠንጠረዥ) ከመሥራታችሁ በፊት መጋዘን ግቡ

ልጆቼ፣ ቢቸና አካባቢ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር «የማዳበሪያ ሥርጭታችንን በኮምፒውተር አድርጉልን» አላችሁ እንበል። ይህ ምኞት ነው፤ ሪኳየርመንት፣ ማለትም ፕሮግራሙ በትክክል ምን መሥራት እንዳለበት፣ ገና አልተገኘም። ላፕቶፑን ዝጉና መጋዘን ያዡ አጠገብ ተቀመጡ። ለጥያቄ ጥር ላይ ሂዱ፤ ሰኔ ላይ ማንም ጊዜ የለውም፤ ያኔ ዳር ቆማችሁ ማየት ብቻ ነው። አንድ ከረጢት ዩሪያ ከመኪና ወርዶ አህያ ላይ እስኪጫን ተከተሉት፤ በየመንገዱ የሚጻፈውን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ያዙ።

«እንዴት ነው የምትሠሩት?» ካላችሁ ደንቡን ይነግሯችኋል። «ባለፈው ክረምት ምን አጨቃጨቃችሁ?» በሏቸው። ያኔ ነው ነገሩ የሚወጣው፦ አባወራው የ4 ከረጢት ከፍሎ 2 ወሰደ፣ ቀሪውን በሳምንቱ ልጁ መጥቶ ወሰደ፤ አንዱ ከረጢት ተቀዶ ጎደለ። ክፍያንና ወጪን (ከመጋዘን የወጣውን ከረጢት) በአንድ መስመር ጽፋችሁ «ተሰጥቷል» የሚል ምልክት ብቻ ካደረጋችሁ ያ ቀሪ 2 ከረጢት የሚገባበት ቦታ የለውም። ክፍያው ለብቻ፣ ወጪው ለብቻ ቴብል ይሁን፤ አንድ ክፍያ ብዙ ወጪ ይኑረው፤ እያንዳንዱ ወጪ የተረከበውን ሰው ስም ይያዝ። ለተቀደደውም ከምክንያቱ ጋር የጉድለት መዝገብ ያስፈልገዋል። የመጋዘኑን ቀሪ በእጅ የሚሞላ ቁጥር አታድርጉት፤ ከገቢ፣ ከወጪና ከጉድለት ይሰላ።

መለኪያም ያጣላል። ገበሬው በኩንታል ያወራል፣ መጋዘኑ 50 ኪሎ ከረጢት ይቆጥራል። በከረጢት አስቀምጡ፣ ኩንታሉን ማሳያ ላይ ብቻ አስሉ፤ ካልሆነ ቆጠራው እጥፍ ወይም ግማሽ ይመጣል።

ስምን መለያ አታድርጉ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። የአባልነት ቁጥር ስጡ፤ ፍለጋው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀና ኃን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ አድርጎ ይይ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጡና በእኛ አሳዩ፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን መሆኗን ሳትሞክሩ ግን አታስረክቡ። ብዙ ፕሮግራም የሚሰናከለው እዚያ ነው።

ኮድ ሳትጀምሩ ፎርሙን በእርሳስ ወረቀት ላይ ሣሉና ለመጋዘን ያዡ ስጡት። ካለፈው ዓመት ደረሰኝ በተለይ ያጨቃጨቁትን 10 ይሙላበት። ዳር ላይ መጻፍ ከጀመረ የጎደለው ዓምድ ያ ነው፤ ጨምራችሁ በሌላ 10 ደረሰኝ እንደገና አስሞሉት።