ኢሜጁ ሲነሳ የሚያስኬደውን ትዕዛዝ ከራሱ ከኢሜጁ ማንበብ

ወንድሜ፣ ከሌላ ቡድን የተረከብከው የዶከር ኢሜጅ (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዘው ጥቅል) በተነሳ ቅጽበት እየተዘጋብህ፣ ዶከርፋይሉም (ኢሜጁ የተሠራበት የመመሪያ ፋይል) በእጅህ ስለሌለ ምን ትዕዛዝ እንደሚያስኬድ ማወቅ እንዳቃተህ ጽፈሃል። ለመገመት አትድከም፤ መልሱ እዚያው ኢሜጁ ውስጥ ተጽፎልሃል። «ዶከር ኢሜጅ ኢንስፔክት» ብለህ ስሙን ጨምርና ከሚወጣው ጽሑፍ ላይ «ኮንፊግ» የሚለውን ክፍል ፈልግ። እዚያ «ኢንትሪፖይንት» (መነሻው ትዕዛዝ) እና «ሲኤምዲ» (ነባሪው ትዕዛዝ ወይም ተጨማሪ ግብዓት) የሚሉ መስመሮች አሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ አንብባቸው፤ ሲኤምዲው ከኢንትሪፖይንቱ ኋላ ተቀጥሎ ነው የሚሄደው። ኢንትሪፖይንት ከሌለ ሲኤምዲው ብቻውን ይሄዳል።

ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ይፋዊ ኢሜጅ ብታይ ኢንትሪፖይንቱ አንድ የሼል ስክሪፕት (በትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም በሼል የሚሄድ የትዕዛዞች ፋይል) ነው፤ ሲኤምዲው ደግሞ «ፖስትግሬስ» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ስክሪፕቱን ሳላነብ ኢሜጅ ወደ ሥራ አላስገባም፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነውና። «ዶከር ራን» ስትል በኢንትሪፖይንቱ ቦታ የፋይል ይዘት የሚያሳየውን «ካት»ን ተካ፤ ከኢሜጁ ስም ቀጥሎ የስክሪፕቱን ሙሉ አድራሻ ጻፍ። ዳታቤዙ ሳይነሳ ስክሪፕቱ ብቻ ይነበብልሃል። የኤስኪውኤል ማስጀመሪያ ፋይሎችህን የሚያስኬደው የመረጃ ማህደሩ ባዶ ሲሆን ብቻ መሆኑን እዚያ ታያለህ። «ፋይሉን ጨምሬ ሠንጠረዡ ለምን አልተፈጠረም?» እያሉ የሚጨነቁ ሁሉ መልሳቸው ያለው በዚህ ቦታ ነው። ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለው «ኤግዜክ» የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ ስክሪፕቱ ቦታውን ለፖስትግሬስ እንዲለቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ የማቆሚያው ምልክት በቀጥታ ለዳታቤዙ ይደርሰዋል።

ኢንስፔክት ያወጣው ትዕዛዝ በ«ቢን ኤስኤች» እና በ«ሰረዝ ሲ» ከጀመረ ተጠንቀቅ። አዘጋጁ ትዕዛዙን ያለ ማዕዘን ቅንፍ ጽፎታል ማለት ነው፤ የማቆሚያውን ምልክት ሼሉ ተቀብሎ ለፕሮግራሙ ሳያስተላልፍ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ «ዶከር ስቶፕ» እንደተለመደው 10 ሰከንድ ጠብቆ በኃይል ይዘጋዋል፤ የመውጫ ቁጥሩም 137 ይሆናል።

አንተ ዘንድ ግን ኮንቴይነሩ (ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው) ገና ሲነሳ ስለሚዘጋ፣ በ«ዶከር ፒኤስ ሰረዝ ኤ» የመውጫ ቁጥሩን ተመልከት። 127 ከሆነ ትዕዛዙ አልተገኘም፤ 126 ከሆነ ፋይሉ ቢኖርም ሊሄድ አልቻለም፣ አብዛኛውን ጊዜ የማስኬድ ፈቃድ ስለጎደለው ነው። 0 ከሆነ ትዕዛዙ ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል። የኡቡንቱ ኢሜጅ ያለ ተርሚናል ሲነሳ ወዲያው የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲኤምዲው ባሽ የተባለው ሼል ነው፣ ባሽ ደግሞ የሚያነበው ነገር ካጣ ይወጣል።

ኮንቴይነሮችን በሚያስተዳድረው በኩበርኔቲስ ላይ ከሆንክ አንድ ነገር ልጨምር፦ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ኮማንድ» የሚተካው ኢንትሪፖይንቱን፣ «አርግስ» የሚተካው ሲኤምዲውን ነው። ኮማንድን ብቻ ከጻፍክ የኢሜጁ ሲኤምዲም አብሮ ይተዋል፣ አይሠራም፤ የምትፈልገው ከሆነ አርግስ ላይ ራስህ መልሰህ ጻፈው።