«ከተያዙ» ወይስ «ከተያዙት»?

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ታሪክ አስተምራለሁ። የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 242 ላይ ያለውን አንድ ሐረግ ለተማሪዎቼ በአማርኛ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፤ «የእስራኤል ጦር በቅርቡ ግጭት ከተያዙ ግዛቶች መውጣት» ብዬ። የአማርኛ መምህሩ አየና «ት ገድፈሃል፤ ከተያዙት ነው የሚባለው» አለኝ። ክርክሩ ሻይ ቤት ድረስ ተከተለን። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ መምህር፣ እናንተ የተጣላችሁባት ፊደል ዲፕሎማቶችን ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ስታጣላ የኖረች ናት። ስለዚህ ሻይ ቤት ውስጥ ባትጨርሱት አይገርምም።

መጀመሪያ ከቤታችን እንነሣ። «የታጠቡ ልብሶች አምጪልኝ» ብል ልጄ ሁለት ሸሚዝ ይዛ ብትመጣ አልቆጣም። «የታጠቡትን ልብሶች አምጪልኝ» ብል ግን ገመዱ ላይ አንድ ካልሲ እንኳ ከቀረ ጥፋቱ የእሷ ነው። «ት» የተነገረለት ነገር ተለይቶ የታወቀ መሆኑን ታመለክታለች፤ የታወቀው ነገር ደግሞ ብዙ ሲሆን በሙሉ ማለታችን ነው። እርስዎ ሳይጽፏት የቀሩት ይህችን ነው።

ደግሞም ትክክል ነዎት። የውሳኔው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እዚህ ሐረግ ላይ የእኛን «ት» ሥራ የምትሠራውን «the» አልጻፈም። ውሳኔው የጸደቀው ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው፤ እስራኤል ከአረብ ጎረቤቶቿ ጋር ከተዋጋችበት ከስድስቱ ቀን ጦርነት አምስት ወር ተኩል በኋላ። ረቂቁን ያቀረቡት የብሪታንያው ሎርድ ካራደን ነበሩ። አሥራ አምስቱም አባላት ደገፉት። አገራችንም ያኔ የምክር ቤቱ አባል ስለነበረች እጇን አውጥታለች። ከዚያ በፊት «ከሁሉም ግዛቶች» የሚሉ ረቂቆች ቀርበው ሳያልፉ ቀርተዋል። እስራኤል ታዲያ «ከሁሉም ውጡ አልተባልኩም» ትላለች።

የአማርኛ መምህሩም ግን ባዶ እጁን አይደለም። ፈረንሳይኛው «ዴ ቴሪትዋር» ይላል፤ በዚያች «ዴ» ውስጥ «ከ» እና «ት» ተጣብቀው ተቀምጠዋል። አረቦች የያዙት ይህን ነው። ሌላኛው ወገን «ሰነዱ የተረቀቀው በእንግሊዝኛ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሩስኛው ሊያስታርቅ አይችልም፤ እንዲህ ያለ ምልክት ጭራሽ የለውም።

ሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሲናገር ምን እንደሚመጣ ለእኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ሲፈርሙ፣ የአማርኛው አንቀጽ 17 በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ይል ነበር። ቢፈልጉ ማለት ነው። የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የሚያስቀኝ፣ እዚያው ውል ውስጥ አንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ ናቸው ማለቱ ነው! የዚያች ግሥ ነገር ያለቀው ዓድዋ ላይ ነው።

ወደ «ት» ልመለስ። «ት» ካለች ሁሉንም፣ ከሌለች ግን ከፊሉን ብቻ ማለት ነው ብሎ መደምደም እኔ አልቀበለውም። ከብት ተራ በር ላይ «የታመሙ ከብቶች አይግቡ» ተብሎ ተለጥፏል እንበል። «ት» የለችም። አንድ ነጋዴ «አንዳንዶቹ ማለት ነው» ብሎ ሁለት የታመሙ በሬዎች ቢያስገባ ዘበኛው ይሰማዋል? አይሰማውም፤ ማስታወቂያው ለምን እንደተለጠፈ ያውቃላ። 242ም መግቢያው ላይ ግዛትን በጦርነት መያዝ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። «ሁሉንም ነው» የሚሉት የሚደገፉት በዚህ ጭምር ነው። እኔም ሚዛኔ ወደዚህ ያደላል፤ ግን የ«ት» አለመኖር ብቻውን ለማንም አይፈርድም።

የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ኮሶቮ የነፃነት አዋጅ በሰጠው አስተያየት፣ የምክር ቤቱ ውሳኔ ሲተረጎም የውል አተረጓጎም ደንብ ሊረዳ ይችላል፣ ውሳኔ ግን ውል አይደለም ብሏል። ቃሉ፣ ሲጸድቅ የተባለው፣ ከዚያ በኋላ የተሠራበት፣ ሁሉም አብሮ ይታያል።

አንድ ጎረቤቴ የሽማግሌ ስምምነት እንዳነብለት ይዞ መጥቶ ነበር። «ያለ አግባብ ከታረሱ ማሳዎች ይነሣ» ይላል። ባላንጣው ሦስት ማሳ ገፍቶ አርሶ፣ ሁለቱን ለቅቆ «ተነሥቻለሁ» ብሏል። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ወሰኑን በእግራቸው ዞሩና አዲስ ወረቀት ጻፉ፦ ከጽዱ በታች ያለው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ካጥሩ ጋር የሚዋሰነው። 242 ግን በዚያ ጦርነት የተያዙትን ሲናንም ጎላንንም ዌስት ባንክንም በስም አይጠራም። ይህ የረሱት አይመስለኝም። በስም ቢጠሩ አሥራ አምስት እጅ ባንድ ላይ አይወጣም ነበር።

ስለዚህ «ከተያዙ» ብለው ይተዉት። እንግሊዝኛው ዝም ያለበትን አማርኛው አይናገርበት። ከሥሩ «በፈረንሳይኛው ከተያዙት» ብለው ይጨምሩ። «እስራኤል ከያዘቻቸው ግዛቶች» አይበሉ፤ ያቺ «ቸው» እንደ «ት» ናት፣ ሳያስቡት ወገን ያስይዝዎታል።

አንድ ነገር ብቻ፦ «ከተያዙ» መስመር መጨረሻ ላይ ወድቆ «ግዛቶች» ወደ ታች እንዳይወርድ። «ሌቦቹ ከተያዙ ይታሰራሉ» እንደምንለው፣ ልጆቹ «ቢያዙ» ብለው ሊያነቡት ይችላሉ።