የጣሪያው ቆርቆሮና የነሐሱ ቆርቆሮ

ጥያቄ፦ ጎንደር ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። «ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው» ብዬ ሳስተምር አንድ ተማሪ «የቤታችን ክዳን ከመዳብ ጋር ቢቀልጥ ነሐስ ይወጣዋል?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም መልስ አጣሁ። እውነተኛው ቆርቆሮ የትኛው ነው? ነሐስና ናስስ ይለያያሉ?

መልስ፦ የተማሪዎ ጥያቄ ሊሳቅበት አይገባም ነበር፤ ቃሉን በሚገባ የሰማ ልጅ ነው። ቆርቆሮ ዛሬ የሁለት ነገሮች ስም ሆኗል።

አንደኛው ራሱን የቻለ ማዕድን ነው። ነጭና ለስላሳ ሲሆን በ232 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። የሬዲዮ ጠጋኞች ሽቦ ከሽቦ የሚያጣብቁበት ቶሎ ቀላጭ ነገርም ዋና ቅመሙ ይኸው ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሕዝቅኤል ምዕራፍ 22፣ ከናስ፣ ከብረትና ከእርሳስ ጋር በከውር (በማቅለጫው ምድጃ) ውስጥ የተቆጠረው ቆርቆሮ ይህ ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ ገበያ ሄደን «ባለ 32 ጌጅ ስጠኝ» የምንለው ነው፤ እርሱ በዚንክ የተለበጠ የብረት ሉህ ነው። ቤት ሲቃጠል ክዳኑ ይጠቁራል፣ ይጣመማል እንጂ እንደ ሰም አይፈስም፤ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ነውና።

ስሙ እንዴት ተሻገረ? የምግብ ጣሳ የሚሠራው በቆርቆሮ ከተለበጠ ቀጭን ብረት ነው። ስሙ ከለባጩ ወደ ተለባጩ፣ ከዚያም ወደ ጣሪያው ሉህ የተዛወረ ይመስለኛል። ይህን እንደ ስሕተት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። «ብረት» የሚለውን ቃል ራሱን ይመልከቱ። በግእዝ «ብርት» መዳብና ነሐስ ነበር፤ የብረት ስም «ኀፂን» ነው፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ «ሓፂን» ይላል። በአማርኛ ግን የመዳቡ ስም ወደ ጠንካራው ማዕድን ዞረ። ከጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ባለ እጆች በወናፍ አግለው ማረሻ ያደረጉትን ማዕድን «ብረት» በማለቱ የተሳሳተ ገበሬ የለም። የምንጽፍበት እርሳስም ውስጡ ግራፋይት ነው፤ የእርሳስ ማዕድን የለበትም።

ስለዚህ ገበያው ስሙን ይዞ ይቀጥል። ክፍል ውስጥ ግን ማዕድኑን «ቆርቆሮ»፣ ክዳኑን «የጣሪያ ቆርቆሮ» ብለው ይለዩ፤ ማግኔትም ይዘው ይግቡ። በጣሪያው ሉህ ላይ ይጣበቃል፤ በንጹሕ ቆርቆሮ ላይ አይጣበቅም።

ነሐስና ናስ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ በናስ ውስጥ የጉሮሮዋ «ሐ» ተውጣለች። የቀደሙት ጸሐፊዎች አንዱን በሌላው ቦታ ይጠቀሙባቸው ነበር። ሳይንሱ ግን ሁለት ስም ይፈልጋል፤ ቋንቋውም ሁለት ስላለው ብንከፍላቸው እመርጣለሁ፦ መዳብና ቆርቆሮ ሲቀላቀሉ ነሐስ፣ መዳብና ዚንክ ሲቀላቀሉ ናስ።

ለልጁም እንዲህ ይበሉት፦ ከክዳናችሁ ላይ የተለበጠው ዚንክ ብቻ ተለይቶ ከመዳብ ጋር ቢቀልጥ፣ የሚወጣው ናስ ነው።