28 በመቶውን ከሲቪሽ አትሰርዢው

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በኬሚስትሪ ለመመረቅ ሁለት ወር ቀርቶሻል። የመመረቂያ ሥራሽ ፌኖል የተባለውን ውህድ በሬይመር–ቲማን ዘዴ፣ ማለትም በክሎሮፎርምና በአልካሊ፣ ሳሊሲላልዲሃይድ ወደሚባል ሌላ ውህድ መለወጥ ነበር፤ ምርቱ ሊገኝ ከሚችለው 28 በመቶ ብቻ ስለሆነ አፍረሽበት ከሲቪሽ ልታወጪው አስበሻል። የምትፈልጊው ሥራ በመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ነው።

እባክሽ አታውጪው። ይህ ዘዴ በ1876 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ጀምሮ በምርቱ ማነስ የሚታማ ነው። ክሎሮፎርሙ በአልካሊው ውስጥ ፌኖሉን የሚያጠቃው ዳይክሎሮካርቢን ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙው ፌኖሉን ሳያገኝ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ይጠፋል፤ ከፊሉ የፓራውን ውህድ፣ ማለትም የሳሊሲላልዲሃይድን ያልተፈለገ መንትያ፣ ይሰጣል፤ ከፊሉም ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ቁጥሩ የስንፍና ምስክር አይሆንብሽም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ዓረፍተ ነገርሽ ነው፦ «በፌሪክ ክሎራይድ ወይን ጠጅ ቀለም ስለሰጠ ንጹሕ ነው» ብለሻል። ይህን ቃለ መጠይቅ ላይ እንዳትደግሚው። ያን ቀለም ፌኖሉም ይሰጣል፤ ያልተለወጠው ፌኖል ደግሞ በእንፋሎት ስታነጥሪ አብሮ ይወጣል። ከምርትሽ ጥቂት ተርፎ ከሆነ ከሶዲየም ባይሰልፋይት ጋር አናውጪው። አልዲሃይዱ (ሳሊሲላልዲሃይዱ) ጠጣር ሆኖ ይዘቅጣል፤ ፌኖሉን በኢተር አጥበሽ ታስወግጃለሽ፤ ከዚያ በአሲድ አልዲሃይዱን መልሰሽ ታገኚዋለሽ። በመጨረሻም የመፍላት ነጥቡን ለኪ። መጽሐፉ 197 ዲግሪ ይላል፤ ያ ግን በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ያንቺም ዝቅ ይላል። የፌኖል 182 መሆኑን አስቢ፤ ዝቅ ያለው ቁጥር ወደዚያ ስለሚጠጋ ፌኖል የተቀላቀለበት ያስመስላል፤ የቤተ ሙከራውን ግፊት ያልመዘገበ ሰው የጠራውን ምርት ቆሻሻ ብሎ ሊደፋው ይችላል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ፋብሪካ ገብተሽ ሳሊሲላልዲሃይድ ትሠሪያለሽ ብዬ አይደለም። የአገራችን መድኃኒት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስገብተው ኪኒንና ሽሮፕ ያዘጋጃሉ። በጥራት ቁጥጥር ክፍል ጠዋት ማታ የሚጠየቀው፣ ይህ በርሜል ውስጥ ያለው በላዩ የተጻፈው ነገር ነው ወይ፣ ምንስ ተቀላቅሎበታል የሚለው ነው። አንቺ በአንዲት ፍላስክ ላይ የምትመልሺው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ሲቪሽ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ሳሊሲላልዲሃይድ ከፌኖል፤ ምርት 28 በመቶ፤ በባይሰልፋይት የጠራ፤ የመፍላት ነጥቡ ከግፊቱ ጋር የተመዘገበ።» ካጠራሽው በኋላ ምርቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ 20 ብለሽ ጻፊ። ልኬቱን ስትጨርሺ ሲቪውን ላኪልኝ፤ ማመልከቻውን አብረን እናዘጋጃለን።